ቂሜን በማን ላይ ተወጣሁ

እ.ኤ.አ. በ2021 ሐምሌ፣ እዚህ ሞንትሪያል በአማርኛ በምትዘጋጅ አንዲት ትንሽ የማኅበር መጽሔት ላይ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚል ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካምፕ ውስጥ ለታጎሩት ጣሊያኖች በፓርላማ ቆመው ይቅርታ ከጠየቁ ገና ብዙ አልቆየም። እነዚያ ሰዎች የታሰሩት ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለወረረበት ጦርነት የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ስለሰጡ ነው አልኩ። በዚያ ወርቅ የተገዛው መርዝ በወገኖቻችን ላይ ዘነበ አልኩ። ካናዳ ያኔ ከእኛ ጎን ቆማ የቀጣቻቸውን ሰዎች ዛሬ ይቅርታ የምትጠይቀው በምን ሒሳብ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ለማሳያ አንድ ፀጉር አስተካካይ አቀረብኩ። ስሙን አልጠራሁም፤ ግን ፋሺስት ነው አልኩት፣ የሰላይነት ሥራም የነበረው አስመሰልኩ።

ጽሑፉ ተወደደልኝ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ አባት እጄን ይዘው «የአባቶቻችንን ደም መለስክልን» አሉኝ። ያን ዕለት ደረቴን ነፍቼ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

አሁን የምጽፈው ያንን ጽሑፍ ለመመለስ ነው። ሁሉንም አይደለም፤ የማልመልሰውም አለ።

የፀጉር አስተካካዩን ታሪክ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ አስታማሚ ነኝ። ሴት ልጃቸው እኔ በምሠራበት ፎቅ ይኖሩ ነበር፤ ዘጠናን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ እግራቸው እንጂ አእምሯቸው ያልደከመ ሴት። በኮቪድ ምክንያት ጠያቂ እንደ ልብ በማይገባበት በዚያ ወራት ከሰው ወገን የሚያዩት እኛን ነበር። ለአስታማሚ የሚወራ ወሬ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ጀርባውን ሲያጥቡት፣ ካልሲውን ሲያጠልቁለት ለዘመድ የማይነግረውን ይናገራል። የሥራችን የመጀመሪያው ሕግ ያ ወሬ ከክፍሉ እንዳይወጣ ነው። እኔ አውጥቼ አሳተምኩት። ሌላው ጥፋቴ ስለ ታሪክ ነውና ሰው ሊከራከርበት ይችላል፤ ይህኛው ክርክር የለውም።

ሜይ 27 ቀን 2021 የይቅርታው ንግግር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የነበርኩት እሳቸው ክፍል ነው። ድምፁን ከፍ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ 31,000 የሚሆኑ ጣሊያን ካናዳውያን «የጠላት አገር ዜጋ» ተብለው እንደተመዘገቡ፣ 600 ያህሉ እንደታጎሩ፣ ከእነዚያም አንድም ሰው በችሎት ተከሶ እንዳልተፈረደበት ተናገሩ። ሴትየዋ ያለቅሱ ነበር። መሐረብ ማቀበል ነበር ሥራዬ።

እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። የአያቴ ወንድም ጣሊያኖች አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡን በጨፈጨፉበት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ነው። በቤታችን ያ ቀን ሻማ ይበራበታል። ስለ ቀለበቶቹም አንብቤ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ታኅሣሥ የጣሊያን ንግሥት ሮም ላይ ቀለበቷን ለጦርነቱ ስትሰጥ በየአገሩ ያሉ ጣሊያን ስደተኞችም ተከተሏት፤ በሞንትሪያልና በቶሮንቶም ሴቶች ወርቁን እየሰጡ በምትኩ የብረት ቀለበት አጠለቁ። ስለዚህ መሐረቡን ሳላቀብል ጠየቅኋቸው።

«ማዳም፣ እናትዎም ቀለበታቸውን ሰጥተው ነበር?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ሰጥታለች» አሉ።

«እንግዲያው ለእኛስ ማነው ይቅርታ የሚጠይቀን? እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉና ቴሌቪዥኑን እንዳጠፋላቸው ጠየቁኝ።

በዚያ ሳምንት ተቀምጬ ጽሑፌን ጻፍኩ። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ሲያጫውቱኝ የነበረውን ሁሉ፣ የአባታቸውን ሙያ፣ የተያዙበትን ምሽት፣ የካምፑን ስም፣ እንደሚመቸኝ አድርጌ አዞርኩት። እሳቸው ያሉኝ «አባቴ የክበቡ አባል ነበር» ብቻ ነው። ያ ክበብ ካርታ የሚጫወቱበት፣ ሰው ሲሞት ለቀብር የሚያዋጡበት፣ ቅዳሜ ልጆች ጣሊያንኛ የሚማሩበት፣ በግድግዳውም የሙሶሊኒ ሥዕል የተሰቀለበት ነበር። እኔ ዕድሩን ትቼ ሥዕሉን ብቻ ወሰድኩ። እድርተኛ ሆኜ ያደግሁ ሰው ይህን ማድረጌ ሲገርመኝ ይኖራል።

የተያዙበት ምሽት ጁን 10 ቀን 1940 ነው። ሙሶሊኒ በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀው በዚያው ቀን ነው፤ ካናዳም በዚያው ቀን በጣሊያን ላይ አወጀች። የፌዴራል ፖሊስ ዝርዝሩን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ስለነበር ሌሊቱን ቤት ለቤት ሄደ። ዝርዝሩ የተሠራው ከጠቋሚዎች ወሬ፣ ከክበቦች መዝገብና ከጣሊያን ቆንስላ ጋር ከመታየት ነው። በውስጡ እውነተኛ ፋሺስቶች ነበሩ፤ ቆንስላው እያዘዛቸው ጎረቤታቸውን የሚያስፈራሩ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ከእነሱ ጋር ግን ሐኪሙም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ መንገድ ሠሪውም ተጠቅልሎ ገባ። ከዝርዝሩ የቀሩትም ቢሆን ነፃ አልነበሩም፤ ዜግነት ካገኙት መካከል እንኳ ብዙዎቹ የጣት አሻራ እየሰጡ፣ በየወሩ ፖሊስ ዘንድ እየቀረቡ ይፈርሙ ነበር። በአንዳንድ ከተማ ለድሆች የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማም ተቋረጠባቸው።

ከሞንትሪያልና ከቶሮንቶ የተያዙት አብዛኞቹ የተወሰዱት ፔታዋዋ ወደሚባል ቦታ ነው፤ ከኦታዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጫካና ሐይቅ ውስጥ ያለ ወታደራዊ ሥፍራ። በኋላ ከፊሎቹ ኒው ብራንስዊክ ውስጥ ፍሬድሪክተን አጠገብ ወዳለ ካምፕ ተዛወሩ። የሚለብሱት ጃኬት ጀርባው ላይ ትልቅ ቀይ ክብ ነበረበት፤ የሚያመልጥ ቢኖር ዘበኛው የሚያነጣጥርበት እንዳያጣ ነው። እንጨት ይቆርጣሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ለቀን ሥራ 20 ሳንቲም ይታሰብላቸዋል። ደብዳቤያቸው በሳንሱር ያልፋል። ከመካከላቸው ጋዜጠኛና ተውኔት ጸሐፊ ማሪዮ ዱሊያኒ ያንን ኑሮ በኋላ በፈረንሳይኛ ጽፎ በ1945 አሳትሞታል፤ ለመጽሐፉ የሰጠው ስም ሴት የሌለባት ከተማ የሚል ነው። ሴትየዋ ይህን መጽሐፍ አላነበቡትም፤ አባታቸው ቤት እንዳይገባ ከልክለው ነበር።

ፔታዋዋ ውስጥ ጣሊያን ያልሆነ ታዋቂ እስረኛም ነበር፤ የሞንትሪያል ከንቲባ ካሚሊየን ሁድ። ሕዝቡ ለጦርነት ምዝገባ እንዳይቀርብ በአደባባይ ስለተናገሩ በ1940 ነሐሴ ተይዘው እስከ 1944 ታሰሩ። ሲፈቱ ከተማው ወጥቶ በእልልታ ተቀበላቸው፤ በዚያው ዓመት መልሶ ከንቲባ አድርጎ መረጣቸው። ፀጉር አስተካካዩ ከእሳቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው፣ በ1942 ክረምት ሲፈቱ ጣቢያ ላይ የጠበቃቸው ሰው አልነበረም፤ መምጣታቸውን ለቤተሰቡ የነገረ የለምና። በእግራቸው ቤት ደርሰው በሩን አንኳኩ። የከፈተችላቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ «እማዬ፣ ሰውዬ መጥቷል» ብላ ጮኸች። ያ ጩኸት ከአፋቸው መውጣቱን ሴትየዋ እስከ ዛሬ ይቅር ያላሉት ጥፋታቸው ነው።

ይህን የነገሩኝ ጽሑፌ ከታተመ በኋላ ነው። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ቀን ወዲህ ለብዙ ጊዜ ከ«እባክህ» እና ከ«አመሰግናለሁ» በቀር አላወሩኝም ነበር፤ ይገባኛል ብዬ ዝም አልኩ። መስከረም ላይ አንድ ማታ እግራቸውን ቅባት ስቀባ በራሳቸው ጀመሩ።

«ያን ጊዜ ስለ ቀለበቱ ጠይቀኸኝ ነበር። የሰጠችው እዚሁ ከተማ፣ ቄሱ ባርከውት ነው። ብረቱን እስከ ጦርነቱ መጀመሪያ አደረገችው። አባቴ የተወሰደ ዕለት ሌሊት አውልቃ ምድጃ ውስጥ ጣለችው፤ ብረት ግን አይነድም፤ ጠዋት ከአመዱ ውስጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። እሳቸው ግን ስለ ቀለበቱ ሊነግሩኝ ብቻ አልነበረም የጀመሩት። ወሬውን ወደ አባታቸው ፀጉር ቤት ወንበር አዞሩት።

የፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር ነበረው፤ ከፍ ዝቅ የሚል፣ እጀታው ሸክላ የተለበጠ፣ አባታቸው ለዓመታት በወር ክፍያ የገዙት። እሳቸው ከታሰሩ በኋላ እናታቸው የቤት ኪራይ ሲያጡ ወንበሮቹን ለመሸጥ ተገደዱ። የገዛቸው ከመንገዱ ማዶ ያለ ጎረቤት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለልጆቹ ከረሜላ ይሰጥ ነበር። እናታቸው ዋጋ ሲጠሩ ግን እሱ ከዚያ ሩቡን ጠራ፤ እምቢ የማለት አቅም እንደሌላቸው ያውቃልና። አባታቸው ከካምፕ ተመልሰው መጀመሪያ የሄዱት ወደዚያ ሰው ሱቅ ነው። ወንበሩ ላይ ደንበኛ ተቀምጦ አዩ። ገብተው አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ለሰው ተቀጥረው ነው፤ በመጥረቢያ የሻከረ እጃቸው መቀስ እንደ ድሮው አልታዘዝልህ ስላላቸው መጀመሪያ ወለል ይጠርጉ ነበር።

«ፖሊሱን ረሳሁት» አሉኝ፤ «የጎረቤታችንን ፊት ግን አልረሳም። በሥርዓት ከፍሎ ነው እኮ የወሰደው።»

ቅባቱን ዘግቼ ከክፍሉ ወጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆሜ ቀረሁ።

የያዘኝ የራሴ ትዝታ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ሰኔ፣ አዲስ አበባ ቂርቆስ፣ ከእኛ ግቢ አጥር ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ጦርነቱ ከኤርትራ ጋር በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማታ መጥተው ወሰዷቸው። በዚያ ጊዜ ኤርትራዊ ናችሁ ተብለው ከኢትዮጵያ የተባረሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ተወልደው አስመራን ያላዩ ሁሉ ይገኙባቸዋል። ሚስትየዋ እሳቸውም ሳይወሰዱ ዕቃ ለመሸጥ ተጣደፉ። የባላቸውን የሲንጀር መኪና ይዘው እኛ ቤት መጡ። እናቴ ተከራከረች። ሴትየዋ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲናገሩ እናቴ ግማሹን እንኳ አላለችም። እኔ ጎረምሳ ነኝ፤ መኪናውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አጥሩን ዞሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሳስገባም ለጓደኛዬ «የእጃቸውን ነው ያገኙት» ብዬው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቼ በመጽሔት ላይ ስለ ጣሊያኖቹ የጻፍኩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ማታ በኋላ ነው ጽሑፌን ከመጻፌ በፊት ማንበብ የነበረብኝን ማንበብ የጀመርኩት። የበለጠ ያሳፈረኝ ካናዳ ከእኛ ጎን ቆማ ነበር ያልኩት ነው። ጣሊያን ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ስትወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ዘይት ግን ከማዕቀቡ ውጪ ነበር። ታንክና አውሮፕላን ያለ ዘይት እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃል። ኖቬምበር 2 ቀን ጄኔቭ ላይ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ብረትና አረብ ብረት ይጨመሩ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው የካናዳው ተወካይ ዋልተር ሪዴል ነበር። ለአንድ ወር ያህል ዓለም የካናዳ ሐሳብ እያለ ጠራው። ዲሴምበር 2 ቀን ግን ከኦታዋ መግለጫ ወጣ፤ ሐሳቡ የሪዴል የግሉ ነው፣ የካናዳ መንግሥት አላቀረበውም ተባለ። የዘይቱ ማዕቀብ ሳይጣል ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካናዳ ሌላውንም ማዕቀብ አነሣች።

ያን የማስተባበያ መግለጫ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማኬንዚ ኪንግ በሌሉበት የሰጡት ኧርነስት ላፖይንት ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነው ጣሊያኖቹ እንዲታጎሩ ትእዛዝ የሰጡትም እኚሁ ላፖይንት ናቸው። ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ተገለጸልኝ። ኢትዮጵያን ለወረረው የባዶሊዮ ጦር የሚሄደውን ዘይት ማቆም ሲቻል ያላቆሙት ሰው፣ ፀጉር አስተካካዩን ከአልጋው ሲያስነሱት ስለ እኛ አስበው አይደለም። ቀለበት መስጠት በ1935 በካናዳ ወንጀል አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያን እየተባረከ፣ በጋዜጣ እየተዘገበ የሚደረግ ነገር ነው። ጣሊያኖቹ ክበብ የሠሩበትን መሬት የሰጠችው ራሷ የሞንትሪያል ከተማ ናት። የታሰሩት ሙሶሊኒ ለንደንንና ፓሪስን ስለነካ ነው። አዲስ አበባን ሲነካማ ማንም አልታሰረም። የእኛ ደም በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም ነበር፤ እኔ ነኝ ከሰማንያ ዓመት በኋላ በግድ ያስገባሁት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል። በየካቲት 12 የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ በአገሩ ፍርድ ቤት የቀረበው ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ እንጂ ስለ አዲስ አበባ አይደለም፤ በ1950 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወር ወጣ። ባዶሊዮ አንድ ቀን እንኳ ሳይከሰስ በ1956 ቤቱ ሞተ። ኢትዮጵያ በጦር ወንጀለኝነት እንዲጠየቁ ካመለከተችባቸው ጣሊያኖች ማንም ተላልፎ አልተሰጣትም። እነዚህን ማግኘት ያቃተው ንዴቴ በእጁ የገባለት የአንድ ፀጉር አስተካካይ ሬሳ ነበር።

ይህን ስል ደግሞ የራሳችንን ሰዎች አስባለሁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ለሕዝቡ በተናገሩት ቃል ጣሊያኖቹን እንዳይበቀሉ፣ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ አዘዋል። በከተማው ውስጥ ያኔ በየካቲት ቤት ያቃጠሉ ሁሉ ነበሩ። እንግሊዞች ብዙዎቹን ሲቪሎች በመርከብ ወደ አገራቸው ሲልኩ ሠራተኞቹና መካኒኮቹ እንዲቀሩ የፈለገው የእኛው መንግሥት ነው፤ እኔ ራሴ ያደግሁበት ሰፈር የጋራዡ ባለቤት አማርኛ የሚሳደብ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር፤ አባቴ ከእሱ ጋር ሲከራከር እንጂ ሲጣላ አላየሁም። በዚያው ወር፣ አዲስ አበባ ላይ ምሕረት ሲታወጅ፣ ኢትዮጵያን በካርታ እንኳ ለይቶ የማያውቅ ሰው ፔታዋዋ ላይ ቀይ ክብ ለብሶ እንጨት ይፈልጥ ነበር። የተበደሉት አያቶቼ ያልጠየቁትን በቀል እኔ ቶሮንቶና ሞንትሪያል ላይ ጠየቅሁላቸው።

በትንሿ ጣሊያን ሰፈር ያለውን የማዶና ዴላ ዲፌዛ ቤተ ክርስቲያንም ሄጄ አየሁት። ከመሠዊያው በላይ ባለው ሥዕል ላይ ሙሶሊኒ ዛሬም በፈረስ ተቀምጧል፤ ቫቲካንና የጣሊያን መንግሥት በ1929 የተስማሙበትን ውል ለማስታወስ የተሳለ ነው። ሠዓሊው ጉዊዶ ኒንኬሪ በዚህ ሥዕል ምክንያት ተይዞ ፔታዋዋ ገባ፤ ሚስቱ ሙሶሊኒ ያልነበረበትን የመጀመሪያውን ንድፍ አሳይታ፣ ፈረሰኛውን የጨመረው ታዝዞ መሆኑን አስረድታ በሦስት ወር አስፈታችው። ሥዕሉን ቀና ብዬ ሳይ ደሜ ፈላ። አሁንም ይፈላል፤ ይህን ለማስመሰል አልፈልግም። እዚያ የቆምኩት ይቅር ባይ ሆኜ ሳይሆን ማንን መጥላት እንዳለብኝ በቅጡ ለመለየት ነው።

ከዚያ በኋላ ለሴትየዋ መናገር ቀረ። ለቀናት ነገ ነገ እያልኩ አሳደርኩት። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር ነገርኳቸው፤ ታሪክዎን ወስጄ በቋንቋዬ ጽፌዋለሁ፣ አባትዎን ፋሺስትና ሰላይ ብዬ ሰድቤአለሁ አልኩ። ስለ ሲንጀሩም ነገርኳቸው። ማልቀስ ወይም ማዘን ጠብቄ ነበር። እሳቸው መስተዋቱ ውስጥ እያዩኝ «ሰላይ አልነበረም» አሉ። «የክበቡ ካርድ ግን ነበረው። አዲስ አበባ ተያዘች ብሎ ሬዲዮ ሲናገር ወንበሩ ላይ ቆሞ አጨብጭቧል፤ እኔ ትንሽ ነበርኩ፣ እናቴ ናት የነገረችኝ። ከካምፕ ከተመለሰ በኋላም ስለዚያ ማጨብጨብ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ስለ ራሱ መታሰር ሲነሣ ብቻ ይናደድ ነበር። አሁን ደግሞ አዝነህ መልአክ እንዳታደርግብኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እኔም አልለመንኳቸውም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የፈቀዱልኝ በሦስት ነገር ነው፤ ስማቸውም የመንገዱም ስም እንዳይጠራ፣ ማጨብጨቡ እንዳይቀር፣ ሲያልቅም በፈረንሳይኛ ተርጉሜ እንዳነብላቸው። ለመጦሪያው አለቃዬም ያደረግሁትን ተናግሬ ተግሣጽ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል፤ ተገቢ ነው።

እንግዲህ የምመልሰው ይህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሰላይ ነበሩ ያልኩት ሐሰት ነው፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጣሊያኖቹ የታሰሩት ስለ ቀለበታቸው ነው ያልኩት ሐሰት ነው። ካናዳ ከእኛ ጎን ቆማ ነበር ያልኩት ሐሰት ነው። ከችሎት ውጪ፣ በዝርዝር፣ በሌሊት ሰው ከቤቱ መወሰዱ ተገቢ ነበር ማለቴን፣ ይቅርታውም አይገባም ነበር ማለቴን እመልሳለሁ። ከፓርላማው በፊት እ.ኤ.አ. በ1990 ጠቅላይ ሚኒስትር ብራያን ሙልሮኒ ለጣሊያኖቹ ማኅበረሰብ ስብሰባ ተመሳሳይ ይቅርታ ብለው ነበር፤ ያን ጊዜ ከታሰሩት ጥቂቶቹ ገና በሕይወት ነበሩ፤ አባታቸው ግን አልደረሱበትም።

የማልመልሰው ቀለበቱን ነው። ወርቁ ተሰጥቷል፣ ቄሱ ባርኳል፣ መርዙ ወርዷል። የሰጡት እናቶች የሚወርደውን አያውቁም ነበር ቢባል እቀበላለሁ፤ ካወቁ በኋላ ስንቱ እንደተጸጸተ ግን መጠየቄን አልተውም። ላፖይንት ስለፈረሙት የሌሊት አሰሳ ኦታዋ ይቅርታ ጠይቃለች። ስለዚያ ስለ ዲሴምበሩ መግለጫ የሰማሁት ይቅርታ የለም። ይህን ግን የምጠይቀው ኦታዋን ነው፤ የፀጉር አስተካካዩን ልጅ መጠየቅ አልነበረብኝም።

የመጽሔቷ አዘጋጆች ይህን ለማውጣት ሲያመነቱ ቆይተው ተስማምተዋል። ያ እጄን የያዙኝ አባት ቀድሜ ብነግራቸው «ምን አስቸኮለህ፣ ያለፈ ነገር» አሉኝ። ስለ የካቲት 12 ግን ያለፈ ነገር ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ሲንጀሩ አሁንም እናቴ ቤት አለ፤ ይሠራል። ደውዬ ለእነዚያ ሰዎች ልጆች መመለስ አለብን አልኳት። «ገዝተን ነው እኮ፣ በብራችን» አለችኝ። በስንት ብር ነበር ስላት ዝም አለችና ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። እህቴ ልጅየው ስቶክሆልም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ አለች። እያፈላለግሁት ነው።